አዲሱን ጂኤስ በእግረኛ ፍጥነት

አዲስ ሞተር ሞከርኩ ስትሉ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ስንት ይበራል?» ብሎ ነው። ይገባኛል። እኔ ግን ለሙከራ ስወጣ ማወቅ የምፈልገው ሌላ ነው። እግረኛ በሚሄድበት ፍጥነት ሲነዳ ሚዛኑን ይጠብቃል ወይ? ጠባብ ቦታ ላይ ይዞራል ወይ? ባለቤቴን ከኋላ ጭኜ ተዳፋት ላይ ብቆም እግሬ መሬት ይነካል ወይ? ቢወድቅስ ብቻዬን አነሳዋለሁ ወይ? በሰዓት 200 የሚበር ሞተር ዛሬ ሞልቷል። እነዚህን አራት ጥያቄዎች ደህና አድርጎ የሚመልስ ግን ብዙ አይደለም።

ሰሞኑን የሞከርኩት የቢኤምደብልዩን አር 1300 ጂኤስ ነው። እዚህ ፍራንክፈርት ካለ አንድ ሻጭ ለግማሽ ቀን ወሰድኩት። መንጃ ፈቃዴን አሳየሁ፣ ብጥለው ይህን ያህል ከኪሴ እከፍላለሁ የሚል ወረቀት ፈረምኩ፣ ቁልፉን ሰጡኝ።

ለማታውቁት፣ ጂኤስ ሩቅ መንገድ ለመሄድ ተብሎ የተሠራ ትልቅ ሞተር ነው። አስፋልት ላይ ቀኑን ሙሉ ተመችቷችሁ ትነዱታላችሁ፤ አስፋልቱ ሲያልቅ ደግሞ ፒስታውን ይቀጥላል። ግራና ቀኙ ላይ ሻንጣ ይታሰርበታል። ከካይሮ ተነስተው ኬፕታውን ድረስ ይወርዱ የነበሩት ፈረንጆች በመተማ ገብተው፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ አድርገው፣ በሞያሌ ሲወጡ ብዙ ጊዜ ታዩአቸው የነበረው በዚህ ላይ ነው። እኔም መጀመሪያ ያየሁት እንደዚያ ነው፤ ደብረ ማርቆስ፣ ልጅ ሆኜ። አቧራ የለበሱ ሁለት ሞተሮች ማደያው ላይ ቆመው ነበር። ከሆዳቸው ግራና ቀኝ የወጡትን ትላልቅ ብረቶች ምን እንደሆኑ የሚነግረኝ አጥቼ ዞሬ ዞሬ አየኋቸው።

ሲሊንደሮቹ ናቸው። ፒስተኖቹ ወደ ላይና ወደ ታች ሳይሆን ተኝተው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነው የሚመቱት። ቦክሰር ይሉታል። ቢኤምደብልዩ ከመጀመሪያው ሞተር ሳይክሉ፣ ከ1923 ጀምሮ ይዞት የመጣ አሠራር ነው (እዚህ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። ጥቅሙ ክብደቱ ታች፣ ወደ መሬት መሆኑ ነው። ይህችን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

የጂኤስ ዘር የጀመረው በ1980 ነው። የመጀመሪያው፣ አር 80 ጂ/ኤስ፣ ወደ 800 ሲሲ የሚጠጋ፣ 50 የፈረስ ጉልበት ያለው ነበር። ወዲያው በ1981 ኡቤር ኦሪዮል የሚባል ፈረንሳዊ በሱ ላይ ተቀምጦ የፓሪስ ዳካርን፣ በረሃ አቋርጦ ሴኔጋል የሚያደርሰውን ውድድር፣ አሸነፈ። በ1983 ደገመው። ኦሪዮል የተወለደው የት መሰላችሁ? አዲስ አበባ። በ1952። ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ዕለት የማውቀውን ሞተር ወዳጅ ሁሉ ስልክ ደውዬ ነግሬያለሁ። በ1987 በሌላ ኩባንያ ሞተር እየመራ ሳለ ውድድሩ ሊያልቅ ሲል ወድቆ ሁለቱም ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ፤ እንደዚያ ሆኖ የቀኑን መድረሻ ነድቶ ገባ። ከዚያ በኋላ ወደ መኪና ዞረ። በ1992 ያው የዳካር ውድድር ከፓሪስ ኬፕታውን ሲደረግ በመኪና አሸንፎ፣ ያንን ውድድር በሞተርም በመኪናም ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ2021 አረፈ። እኛ ሰፈር ተወልዶ እዚያ የደረሰ ሰው ነው፤ ስሙ በአማርኛ ከዚህ በላይ ቢነሳ ደስ ይለኛል።

ኦሪዮልን ያነሳሁት ግን ለሌላም ነው። ያኔ ፋብሪካው ለገበያ የሸጠው ጂ/ኤስ ከ200 ኪሎ በታች ነበር። ዛሬ እኔ የያዝኩት 237 ኪሎ ነው። ጉልበቱ ደግሞ ከ50 ወደ 145 ፈረስ ወጥቷል። በመሐል ያለፉት አርባ ምናምን ዓመታት ሞተሩን ጎበዝ አድርገውታል፣ አወፍረውታልም።

ለፍትሕ ያህል፣ የ1300ው መሐንዲሶች ወደ ኋላ ለመመለስ ጥረዋል። ከሱ በፊት የነበረው 1250 ሙሉ ነዳጅ ይዞ 249 ኪሎ ነበር። በመስከረም 2023 ይኼኛው ሲወጣ 12 ኪሎ ቀንሷል። ካምቢዮውን ከሞተሩ ኋላ አንስተው ከሥሩ አስገቡት፣ ስለዚህ ሞተሩ አጠረ። ሻንሲውን በቱቦ ፋንታ ከብረት ላሜራ ሠሩት። የነዳጅ መያዣውም ከ20 ሊትር ወደ 19 ወረደ። 12 ኪሎ በወሬ ደረጃ ትንሽ ይመስላል። ሞተሩን ከጎን ማቆሚያው ቀና ሳደርገው ግን ልዩነቱን ክንዴ ላይ አገኘሁት።

እንግዲህ ሞተሩን አስነሳሁ። ቦክሰር ቆሞ ሳለ ነዳጅ ስትሰጡት ወደ ጎን ይገፋችኋል። ውስጡ ያለው ዘንግ በሞተሩ ርዝመት ስለሚዞር ነው፤ ፈጠን ባለ ቁጥር መላ አካሉ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ይላል፣ ስትለቁት ይመለሳል። መንዳት ስትጀምሩ ይጠፋል። አንዳንዱ ይህን ነገር አይወደውም። እኔ በጣም ነው የምወደው፤ ሕይወት ያለው ነገር ላይ እንደተቀመጥኩ ይሰማኛል።

መቀመጫው ከመሬት 85 ሳንቲ ሜትር ነው። ለእኔ ቁመት ይህ ማለት የሁለቱም እግሬ ጣት ይነካል፣ ተረከዜ አይነካም። ደረቅ አስፋልት ላይ ችግር የለውም። ችግሩ ተዳፋት ላይ፣ ጠጠር ላይ፣ የሰው ክብደት ከኋላ ሲጨመር ነው። እኔ የያዝኩት ላይ ግን ተጨማሪ ገንዘብ ተከፍሎበት የሚገጠም አንድ ነገር ነበር፤ ልትቆሙ ስትሉ ሞተሩ ራሱ 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፣ ፍጥነት ስትጨምሩ ተመልሶ ይነሳል። የመጀመሪያው መብራት ላይ ስቆም ሲወርድ አልታወቀኝም። የታወቀኝ ተረከዜ መሬት መንካቱ ነው። ከዚያ በኋላ በቆምኩ ቁጥር እግሬን እያየሁ ነበር። ፊቱ ላይ ራዳር አለው፣ ከፊት ያለውን መኪና እያየ ፍጥነቱን ራሱ ያስተካክላል፣ ሌላም ሌላም አለ። ከዚያ ሁሉ ኤሌክትሮኒክስ መርጠህ አንዱን ያዝ ብባል የምይዘው ይህችን 3 ሳንቲ ሜትር ነው።

ከከተማው ወጥቼ በኦበርኡርዝል በኩል ወደ ታውኑስ ተራሮች ወጣሁ። እዚህ አካባቢ ያለ ሞተረኛ ሁሉ የሚያውቀው መንገድ ነው። ከሆኸማርክ ተነስቶ ጫካውን እየተጠማዘዘ ወደ ዛንድፕላከን ይወጣል፣ ከዚያ ፌልድበርግ የሚባለው ትልቁ ተራራ ጋ ያደርሳል። ተራራው 880 ሜትር ገደማ ነው፤ ለደባርቅ ሰው ይህ ሜዳ ነው። መንገዱ ግን ጥሩ ነው። ሦስተኛ ማርሽ ላይ አስገብቼ ተውኩት። ኩርባው ሲጠብም ሲሰፋም ማርሽ መቀየር አላስፈለገኝም፤ ከታች ጀምሮ የሚመጣው ጉልበት ሰጋር በቅሎ ላይ እንደመቀመጥ ነው፣ ሳይንጥህ ይወስድሃል። ፍሬን ስትይዙ ፊቱ ወደ መሬት አይደፋም። የፊት ሞላው አሠራር ከሌሎች ሞተሮች የተለየ ስለሆነ ፍሬን የሚፈጥረውን ግፊት ለብቻው ይሸከማል። በፈጣኑ መንገድ ላይ ስላለው ጠባይ ብዙ የምለው የለኝም። በጣም ጥሩ ነው። ያንን ማንም ይነግራችኋል።

እኔ የፈለግሁት ጠጠር ነበር። እዚህ አገር ደግሞ የጫካ መንገድ በሞተር ክልክል ነው፤ ፒስታ ልሞክር ብላችሁ ዝም ብላችሁ አትገቡም። የተፈቀደ ጠጠር ያገኘሁት እግረኞች መኪናቸውን አቁመው ወደ ጫካ የሚገቡበት አንድ ባዶ ሜዳ ላይ ነው። እዚያ ነው ሙከራው ለእኔ የተጀመረው።

መጀመሪያ ቆሜ ነዳሁ፤ እግር መርገጫው ላይ ተነስቼ፣ ጉልበቴን ላላ አድርጌ። መሪው እጄ ላይ በትክክል ይመጣል፣ ወገቤን አያጎብጠኝም። ቀጥሎ አንደኛ ማርሽ ላይ ፍሪሲዮኑን በሁለት ጣት እየያዝኩ፣ የኋላውን ፍሬን በትንሹ ረግጬ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሬ ክብ መሥራት ጀመርኩ። ይህን የምታደርጉት ቀስ ብላችሁ ነው፤ አንድ ሰው ከጎናችሁ እየተራመደ ሊያወራችሁ ይችላል። እዚህ ላይ ነው ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር የሚመጣው። ክብደቱ ታች ስለሆነ ሞተሩ ሲዘነበል በድንገት አይጥልም። ዘንበል ይላል፣ ይጠብቃችኋል፣ ትንሽ ነዳጅ ስትሰጡት ይነሳል። 237 ኪሎ እንደዚህ ይዞራል ብዬ አልጠበቅሁም። ግራ ዞርኩ፣ ቀኝ ዞርኩ፣ ስምንት ቁጥር ሠራሁ። ውሻዋን ይዛ ከጫካ የወጣች አንዲት ሴትዮ ቆማ አየችኝና እጇን አውለበለበችልኝ።

ይህ ግን አንዱ ገጽታው ነው። ጠጠሩ ጥልቅ የሆነበት ጥግ ላይ ስገባ የፊት ጎማው መንሸራተት ጀመረና ክብደቱ ማንነቱን አሳየኝ። አንድ ጊዜ ጠጠር ውስጥ ወደ ጎን መሄድ ከጀመረ በእግር ደግፌ አቆመዋለሁ ማለት ከንቱ ነው። ነዳጅ ሰጥታችሁ፣ ራቅ ብላችሁ አይታችሁ ማውጣት ነው ያለው። አወጣሁት። ልቤ ግን ለጥቂት ጊዜ በኃይል ይመታ ነበር።

ከዚያ ባለቤቴን ከባቡር ጣቢያ ይዤ ወደ ሽሚተን ወረድን፣ የቫይል ወንዝን ተከትለን ጥቂት ሄድን። እሷ ስለ ሞተር ቁጥር አታውቅም፣ ማወቅም አትፈልግም። የምታውቀው ጀርባዋንና ጉልበቷን ነው። «ተመችቶኛል» አለች። ቀጥላም «ፍሬን ስትይዝ የራስ ቁሬ ካንተ ጋር አይጋጭም» አለች። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ስለ ፊት ሞላው ካነበብኩት ሁሉ ትበልጥብኛለች። እኔም በበኩሌ እሷ ከኋላ መኖሯን የማውቀው ስትናገር ብቻ ነበር። ቁልቁለት ላይ አቁሜ ሞከርኩት፤ ዝቅ አለ፣ ተረከዜ ነካ፣ ቀጥ ብለን ቆምን።

እስካሁን ካነሳኋቸው አራት ጥያቄዎች ሦስቱን በሚገባ መልሷል። አራተኛው የቀረው ነው።

የሻጩን ሞተር ሆን ብዬ አልጥለውም። ግን የወደቀ ጂኤስ ማንሳት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ባየርን ውስጥ ሄክሊንገን የሚባል ቦታ ኢንዱሮ፣ ማለትም ከአስፋልት ውጭ መንዳት፣ የሚያሠለጥኑበት ሜዳ አለ፤ እዚያ ሥልጠና ስገባ መጀመሪያ ከሚያስተምሩት ነገር አንዱ ይኼ ነው። ሞተሩን ያጠፋሉ። በቀኝ ጎኑ ከወደቀ የጎን ማቆሚያውን ቀድሞ ማውጣት፣ ወደ ሌላ ጎን እንዳይገለበጥ። ማርሽ ውስጥ ማስገባት፣ እንዳይንሸራተት። መሪውን እስከ ጥግ ማዞር። ከዚያ ጀርባን ለሞተሩ ሰጥቶ ቁጢጥ ማለት፣ ወገብን መቀመጫው ላይ ማስደገፍ፣ በአንድ እጅ መሪውን በሌላው ከኋላ ያለውን ብረት ይዞ፣ ወገብ ሳይጎብጥ በእግር ጉልበት ወደ ኋላ እየተራመዱ መግፋት። ቦክሰር እዚህም ላይ ይረዳል፤ የወጣው ሲሊንደር መሬት ስለሚደግፈው ጠፍጣፋ ብሎ አይተኛም። ይነሳል። ሁለት ጊዜ ይነሳል። ሻንጣው ሙሉ ሆኖ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ ልብሳችሁ ከብዶ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ለአምስተኛ ጊዜ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው። ጭነቱን ስትደምሩ 280 ኪሎ ይጠጋል።

እኔ ደግሞ የማስበው መንገድ አለ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ የከባድ መኪና ፍሬን ሲቃጠል ሽታው አየሩ ላይ ይቆያል። ድልድዩን አልፎ ደጀን ድረስ እንደገና ሽቅብ። ከዚያ ጎንደር፣ ደባርቅ፣ የሊማሊሞ ጠመዝማዛ። ይህን መንገድ አንድ ቀን በሞተር መውረድ እፈልጋለሁ፣ ለብቻዬ፣ አስፋልቱን ትቼ ገደሉ ጫፍ ላይ ያሉት መንደሮች ድረስ የሚያስገቡትን ጠጠር መንገዶች እየገባሁ።

ስለዚህ አዲስ አበባ ሞተር የሚጠግን ወዳጄ ጋ ደወልኩ። የእጁን ሥራ የማምነው ሰው ነው።

«ቢወድቅ ማን ያነሳልኛል ብዬ ነው የምሰጋው» አልኩት።

«ወንድሜ፣ እዚህ ሰው አይጠፋም» አለኝ። «ገደል አፋፍ ላይ ብትወድቅም አምስት ሰው ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ያነሳሃል። እኔ የምሰጋልህ ስለ ዕቃው ነው። ካቴና ብትበጥስ ደሴም ጎንደርም እናገኝልሃለን። ይኼ ያንተ ግን ካቴና የለውም፣ በዘንግ ነው የሚሄደው። ዘንጉ አይበላሽም ይሉኛል፣ ከተበላሸ ግን ከእዚያው ከጀርመን ነው። ጎማውስ? የኋላው ቁጥሩ ስንት ነው?»

«170 በ60፣ ሪሙ 17።»

ዝም አለ። ከዚያ «ሁለት ትርፍ ጎማ ይዘህ ና» አለኝ።

ስለ ነዳጁም አወራን። ይኼ ሞተር ኦክቴን 95 ነው የሚፈልገው፤ ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን ከ13 እጥፍ በላይ ነው የሚያምቀው። ገጠር ውስጥ በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን እንዲጠጣ ተብሎ አልተሠራም። ከፍታው ደግሞ አለ። ያለ ቱርቦ የሚሠራ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ነው። አዲስ አበባ ላይ የጂኤሱ 145 ፈረስ ወደ 110 ይወርዳል። እርግጥ 110ም ለዚያ መንገድ ከበቂ በላይ ነው። ክብደቱ ግን በከፍታ አይቀንስም። 237ቱ ደባርቅም ላይ 237 ነው።

እዚህ ላይ ነው አቋሜ የለየው። ጂኤሱ እስከዛሬ ከነዳኋቸው ትልልቅ ሞተሮች ሁሉ የተዋጣለት ነው፤ ይህን ያለ ምንም ቅሬታ እላለሁ። ከባለቤቴ ጋር ሻንጣችንን ጭነን በአልፕስ ተራሮች አቋርጠን ጣሊያን እንውረድ ብትሉኝ ሌላ ሞተር አልመርጥም። ዋጋው ወደ 19,000 ዩሮ ነው፣ በዚያ ላይ ያ ዝቅ የሚለውን ነገርና ሻንጣዎቹን ስትጨምሩ ሩቅ ይሄዳል፤ ቢሆንም ለዚያ ዓይነት ጉዞ የከፈላችሁበትን ይሰጣችኋል። ለብቻዬ ሊማሊሞን ልወርድ ነው ካልኩ ግን አልወስደውም። እንደ ልቤ አውጥቼ ማስገባት የምችለው፣ ብጥለው በአንድ እስትንፋስ የማነሳው፣ የጎማው ቁጥር ሰውን ዝም የማያሰኝ ሞተር ነው የምፈልገው።

እንደዚህ ያለ አለ። ሕንዶቹ የሚሠሩት ሮያል ኢንፊልድ ሂማላያን 450 በዚያው በ2023 ነው የወጣው። አንድ ሲሊንደር፣ 452 ሲሲ፣ 40 የፈረስ ጉልበት፣ 196 ኪሎ። ነዳጅ 17 ሊትር ይይዛል። የፊት ጎማው 21 ኢንች ነው፤ ድንጋይ ላይ በቀላሉ የሚወጣ ትልቅ ጎማ። ካቴና አለው። ዋጋው የጂኤሱ ሲሶ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጉልበቱ ወደ 30 ፈረስ ይወርዳል፣ ይህ እውነት ነው፤ ከዓባይ ሥር ወደ ደጀን ሲወጣ ከባድ መኪና ቀድሜ ለማለፍ ቦታ መርጬ፣ ማርሽ ቀንሼ መሆኑ ነው። ለዚያ ትዕግሥቱ አለኝ።

ጂኤሱን ስመልስ ሻጩ ዞሮ አየው፣ ጭረት የለውም፣ ፈረመልኝ። «እንዴት ነበር?» አለኝ። የጠጠሩን ነገር ነገርኩት፤ እሱም ራሱ ክረምት ክረምት በቀላል ሞተር ሞሮኮ እንደሚወርድ አጫወተኝ። ብዙ አወራን።

ሂማላያኑን ለመሞከር ሌላ ቦታ ቀጠሮ ይዣለሁ። መንገዱ ያው ነው የሚሆነው፤ ሆኸማርክ፣ ዛንድፕላከን፣ ጠጠሩ ሜዳ፣ ከዚያ ባለቤቴን ከጣቢያው። እሷ «በዚያኛው ላይ ካልተመቸኝ እነግርሃለሁ፣ እንዳትቀየም» ብላኛለች። የምትለኝን እጽፍላችኋለሁ። በዚህ ሞተር ኢትዮጵያ ውስጥ የነዳችሁ ካላችሁ ደግሞ ስለ ኋላው ሞላ ንገሩኝ፤ ጭነት ሲበዛበት እንዴት እንደሚሆን ማወቅ እፈልጋለሁ።